«ዎንት» ምን ማለት ነው?

እንግሊዝኛ የጀመርን ሁሉ «ዎንት» መፈለግ ማለት እንደ ሆነ ቶሎ እንማራለን። እኔም ይህንኑ ብቻ ይዤ በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመውን የንጉሥ ያዕቆብ ትርጉም ገለጥሁና መዝሙር 23ን (በግእዙ ቍጥር 22) ለጓደኞቼ ወደ አማርኛ ስመልስ፥ ዳዊትን ስለ እረኛው «አልፈልገውም» አሰኘሁት! ሳቁብኝ። ስሕተቱ ግን የሚያስቅ ብቻ አልነበረም፤ ምስጋናውን እምቢታ አድርጌው ነበር።

ቃሉ ከጥንቱ የሰሜን ሰዎች ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ፍችው መጕደል፥ ማጣት ነበር። የጐደለበት ሰው መመኘቱ አይቀርምና፥ መፈለግ የሚለው ፍች ኋላ፥ ይልቁንም ከ18ኛው ምእት ዓመት ወዲህ በረታ። እንግዲህ ዳዊት የሚለው «አላጣም» ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ኒው ኢንተርናሽናል ቨርሽን በዚያ ስፍራ «ላክ» የሚለውን ቃል አግብቶአል፤ ይኸውም (ከመላክ ጋር አይምታታባችሁ) ማጣት ብቻ ነው።

አሮጌው ፍች ግን ፈጽሞ አልሞተም። «ፎር ዎንት ኦፍ ዋተር» ቢባል ከውኃ እጦት የተነሣ ማለት እንጂ ውኃ ፍለጋ አይደለም። «ዎንቲንግ» ደግሞ ጐደሎ፥ የማይበቃ ማለት ነው። በዳንኤል 5፥27 ስለ ብልጣሶር የገባው ይኸው ቃል ነው፤ ንጉሡ በሚዛን ወጥቶ ጐድሎ ተገኘ። አማርኛችን እዚያ ላይ መቅለልን ያነሣል፤ ለሚዛን ነገር ይህ ይሻላል ባይ ነኝ። ንጉሡ ምን ፈልጎ ነበር ብላችሁ ግን አትድከሙ።