መጻተኛን ስለ መቀበልና ሕግን ስለ ማክበር

አንባቢ ሆይ፥ አንድ ሰው በሌሊት ደጅህን አንኳኵቶ «ሊገድሉኝ ይፈልጋሉና አስጠጋኝ» ቢልህ፥ በእጁም የይለፍ ወረቀት ባይኖር፥ ምን ታደርጋለህ? ብታስገባው የመንግሥትን ትእዛዝ የተላለፍህ ትሆናለህ። ብትመልሰውና በማግሥቱ ሞቶ ቢገኝ ግን ደሙ ከማን እጅ ይፈለጋል? ይህ ለምሳሌ ያህል የፈጠርነው ጥያቄ አይደለም። በአሜሪቃ በአሪዞና ግዛት፥ ቱሳን በምትባል ከተማ የነበሩ ክርስቲያኖች ከ1981 ጀምሮ ዐሥር ዓመት ያህል ተፈትነውበታል፤ ዓመቶቹን በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን። ዛሬም በብዙ አገር «ወሰን ይዘጋ፥ ያለ ፈቃድ የገባ ሁሉ ይውጣ» የሚሉና «የለም፥ ይራራላቸው» የሚሉ ሲከራከሩ ትሰማለህና፥ በአንዱ ወገን ላይ ቶሎ ከመፍረድህ በፊት የነዚህን ሰዎች ነገር በትዕግሥት መርምር።

ቱሳን ከሜክሲኮ ወሰን ሩቅ አይደለችም፤ በመካከሉ ያለው ግን ውኃ የሌለበት በረሃ ነው። በጁላይ 1980 ከኤል ሳልቫዶር የሸሹ ሰዎች በዚያ ሲያልፉ መንገድ መሪዎቻቸው ተዉአቸውና 13ቱ በውኃ ጥም ሞቱ። የተረፉትን የቱሳን አብያተ ክርስቲያናት ተቀበሉአቸው፤ የሸሹበትንም ምክንያት ከአፋቸው ሰሙ። በኤል ሳልቫዶር እስከ 1992 የቆየ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሥቶ ነበር፤ እስኪያልቅም ድረስ ከ70,000 የሚበልጥ ሰው አለቀበት። ሊቀ ጳጳሱ ኦስካር ሮሜሮ እንኳ ማርች 24 ቀን 1980 ቅዳሴ ሲቀድሱ በጥይት ተገድለዋል።

እንግዲህ የአሜሪቃ ሕግ ስለ እንደዚህ ያለ ሽሽት ምን ይል ነበር? በዚያው በ1980 የወጣው የስደተኞች ሕግ፥ በዘሩ ወይም በሃይማኖቱ፥ በዜግነቱ ወይም በማኅበሩ ወይም በፖለቲካ አሳቡ ምክንያት እንዳይሳደድ በእውነት የሚፈራ ሰው፥ በማናቸውም መንገድ ወደ አገሩ የገባ ቢሆን፥ ጥገኝነት ሊለምን እንዲችል ደነገገ። ይህን አስተውል። ያለ ፈቃድ ወሰን መሻገር በደል ሆኖ ሳለ፥ የዚያው አገር ሕግ ነፍሱን ለማዳን ለሚሸሽ ሰው በር ትቶለታል። ከሚከራከሩትም ብዙዎቹ ግማሹን ሕግ ብቻ ያነባሉ።

በሥራ ሲታይ ግን በሩ እጅግ ጠባብ ነበረ። በ1984 ከኤል ሳልቫዶር መጥተው ጥገኝነት ከለመኑት የተፈቀደላቸው ከ100 ሦስት አይሞሉም፤ የጓቴማላ ሰዎችማ ከዚህም ያንሱ ነበር። ከፖላንድና ከኢራን ለመጡት ግን በብዙ እጥፍ ይፈቀድላቸው ነበር። ለምን እንዲህ ሆነ ብትል፥ የአሜሪቃ መንግሥት የኤል ሳልቫዶርን መንግሥት በገንዘብና በጦር መሣሪያ ይረዳ ነበርና፥ ከዚያ የሚሸሹትን «በእውነት ስደተኞች ናቸው» ማለት የገዛ ወዳጁን ነፍሰ ገዳይ ብሎ መጥራት ይሆንበት ነበር። ስለዚህ እንጀራ ፈላጊዎች ናቸው እየተባሉ ወደ አገራቸው ይመለሱ ነበር።

በ1981 ከክዌከር ማኅበር የሆነ ጂም ኮርቤት የሚባል ከብት አርቢ፥ የተያዙትን ስደተኞች እየጐበኘ ማመልከቻ ያስሞላላቸው ጀመር። ልመናቸው ከንቱ መሆኑን ባየ ጊዜም በቤቱ አስጠጋቸው፤ ኋላም ከወሰኑ ወዲህ ያሻግራቸው ጀመር። ቤቱ በሞላበት ጊዜ የሳውዝሳይድ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ወደ ነበሩት ወደ ጆን ፋይፍ ሄደ። ምእመናኑ ተሰብስበው ድምፅ ሰጡ፤ ለመንግሥቱም ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሊያደርጉ ያሰቡትን በደብዳቤ አስታወቁ፤ ማርች 24 ቀን 1982፥ ሮሜሮ በሞቱ በሁለተኛው ዓመት፥ ቤተ ክርስቲያናቸው የመማፀኛ ስፍራ መሆንዋን በአደባባይ አወጁ። ከጥቂት ዓመትም በኋላ ይህን የተከተሉ ማኅበረ ምእመናን ከ200 በለጡ።

መማፀኛ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አክሱም ጽዮን ለሸሸ ሰው መጠጊያ እንደ ነበረች ታውቃለህ፤ ኦሪትም የመማፀኛ ከተሞችን ታነሣለች። በአሜሪቃ ግን ሕጉ ለቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለ መብት አይሰጥም፤ ያለ ፈቃድ የገባን ሰው የሚሸሽግ እስከ 5 ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችል ነበር። ታዲያ በስውር ማድረግ ሲቻላቸው ስለ ምን በአደባባይ አደረጉት? ሰው አሻጋሪው ወንበዴ ገንዘብ ይቀበላል፥ በጨለማም ይሠራል፥ ሲፈራም ጥሎ ይሄዳል። እነርሱ ገንዘብ አልተቀበሉም፥ ስማቸውንም አልሸሸጉም፥ ቅጣቱንም ለመቀበል ተዘጋጁ። በእኔ አስተያየት፥ ርኅራኄአቸው ዐመፅ እንዳይመስል ያደረገው ይህ ግልጥነታቸው ነው።

በመጀመሪያው ደብዳቤያቸው «ሕጉን እንተላለፋለን» ብለው ነበር የጻፉት። ኋላ ግን አንድ ሕግ ዐዋቂ፥ የ1980ን ሕግ የሚያፈርሰው መንግሥቱ እንጂ እናንተ አይደላችሁም፥ እናንተ የምትጠብቁት ናችሁ አላቸው። ኮርቤት ይህን አሳብ ይዞ አስፋፋው፤ መንግሥት የራሱን ሕግ ሳይፈጽም ሲቀር ሕዝቡ በሰላምና በግልጥ ይፈጽመዋል ብሎ አስተማረ። ስለዚህም የመጣውን ሁሉ አልተቀበሉም። እያንዳንዱን ሰው መርምረው፥ ሞትን የሸሸውን ይቀበሉ ነበር እንጂ ሥራ ለመፈለግ ብቻ የመጣውን አያሻግሩም ነበር። በዚህ ነገር ልቤ አያርፍም። ልጆቹ የሚራቡበት ሰው ከእኛ ምን ይጠብቅ? ነገር ግን ሕግን እንጠብቃለን ካሉ፥ ሕጉ የጻፈውን ልዩነት ሊጠብቁ ይገባቸው ነበር።

የመንግሥቱንም ወገን ክርክር በንቀት አትለፈው። ሐዋርያው ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 13 ለበላይ ባለሥልጣን መገዛትን ያዝዛል። ወሰን የሌለው አገር ሕዝቡን ሊጠብቅ አይችልም። እያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ማን እንደሚገባ በራሱ ቢፈርድ፥ ነገ ሌላው ማኅበር በክፉ አሳብ ይህንኑ ሥልጣን ለራሱ ይወስዳል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ዳሩ ግን ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 መጻተኛውን እንደ አገር ልጅ ቍጠረው ስትል፥ ወረቀቱን አስቀድመህ እይ አላለችም። ሁለቱን ቃሎች አንድ ላይ መያዝ አስቸጋሪ ነው፤ አንዱን ጥሎ ሌላውን መያዝ ግን ቀላል ስለ ሆነ ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል።

መንግሥቱ ዝም አላለም። ሰላዮች ወዳጅ መስለው ገቡ፤ የድምፅ መቅረጫ በልብሳቸው ሸሽገው በቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ተቀመጡ። በጃንዩዌሪ 1985 ካህናትና መነኰሳዪያት ያሉባቸው 16 ሰዎች ተከሰሱ፤ ከእነርሱም 11ዱ ለፍርድ ቀረቡ። ዳኛው ስለ ሃይማኖታቸውም ሆነ በኤል ሳልቫዶር ስለሚፈስሰው ደም በችሎት እንዳይናገሩ ከለከሉአቸው። ስለዚህ ጠበቆቻቸው አንድ ምስክር እንኳ ሳያቆሙ ቀሩ። በሜይ 1986 ፋይፍ ያሉባቸው 8 ሰዎች ጥፋተኞች ናቸው ተባሉ፤ ኮርቤት ግን በነጻ ተለቀቀ። የተፈረደባቸውም በገደብ ተለቀቁ እንጂ ወደ ወህኒ የወረደ የለም።

አብያተ ክርስቲያናት ግን በ1985 እነርሱም በበኩላቸው መንግሥቱን ከስሰው ነበር። ነገሩም እየተጓተተ ሳለ በ1990 የአሜሪቃ ምክር ቤት፥ አገራቸው በጦርነት ለተያዘባቸው ሰዎች ለጊዜው እንዲቀመጡ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ፤ በስም የተጠቀሱትም የኤል ሳልቫዶር ሰዎች ነበሩ። በዚሁ ሕግ ኋላ፥ በ2022፥ በዚያ ለነበሩ ኢትዮጵያውያንም ፈቃድ ተሰጥቶአቸው ነበር። በጃንዩዌሪ 1991 ደግሞ ክሱ በስምምነት አለቀ። መንግሥቱ ከእንግዲህ ወዲህ የጥገኝነትን ልመና ሲመረምር፥ ሰውየው የሸሸው ከወዳጅ መንግሥት ይሁን ከጠላት እንዳይመለከት፥ ወሰን የመጠበቅንም አሳብ ከፍርዱ ጋር እንዳይቀላቅል ተዋዋለ፤ ከ100,000 የሚበልጡ ሰዎች ጕዳይም እንደ ገና እንዲታይ ተወሰነ። በ8ቱ ሰዎች ላይ የተፈረደው ፍርድ ግን በ1989 በይግባኝ ጸንቶ ነበርና እንዲሁ ቀረ።