እርሳስን በእርሳስ መያዝ

ጥያቄ፦ እንደ ላስቲክ የሚተጣጠፍ መሣሪያ በውሃ ውስጥ ያለን እርሳስ ይለያል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? የቤቴን የቧንቧ ውሃ ልመረምርበት እችላለሁ?

መልስ፦ እውነት ነው። መሣሪያው በስስ ፕላስቲክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በካርቦንና በብር ቀለም የታተሙ ሦስት ትናንሽ ኤሌክትሮዶች ነው። የካርቦኑ ቀለም በአብዛኛው ግራፋይት ነው፤ ልጆቻችን የሚጽፉበት እርሳስ ውስጥ ያለው ማለት ነው። በአማርኛችን እርሳስ እርሳስን ያዘ ብንል አያስወቅስም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ኤሌክትሮዱ ላይ ኔጌቲቭ ቮልቴጅ ለጥቂት ደቂቃ ይለቀቃል፤ በውሃው የሟሟው እርሳስ እየተሳበ እላዩ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ቮልቴጁ ቀስ በቀስ ከፍ ሲል እርሳሱ ተላቆ ወደ ውሃው ይመለሳል፣ ሲመለስም ኤሌክትሪክ ይለቃል። የኤሌክትሪኩ መጠን የእርሳሱን መጠን ይናገራል። ሌላው መርዛማ ብረት ካድሚየም የሚላቀቀው በሌላ ቮልቴጅ ስለሆነ ሁለቱ አይምታቱም። ድሮ ለዚህ ሥራ ኤሌክትሮዱን ሜርኩሪ ይቀቡት ነበር፤ መርዝን በመርዝ! ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቢስሙት የተባለ ብረት እየተካው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ጥሩ መሣሪያ ከዚያም በታች ያነባል። ችግሩ ሌላ ነው፦ ደጋግሞ ሲታጠፍ ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ ቆሻሻ ሲለብሰው ያሳስታል፣ መዳብ የበዛበት ውሃም ንባቡን ያዛባል።

ስለዚህ ለመጠርጠሪያ ይጠቀሙበት፤ ለመወሰን ግን ሌሊቱን ቧንቧ ውስጥ ያደረውን ውሃ ጠዋት ቀድተው ላቦራቶሪ ይውሰዱ። እስከዚያው ማፍላት አይረዳዎትም፤ እርሳስ በእሳት ከውሃ አይወጣም።