የጅራቱ ብሎንና የምርመራው ጊዜ

በኤምዲ-83 አይሮፕላን ጅራት ላይ ያለው አግድም ክንፍ የአይሮፕላኑን አፍንጫ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል። ክንፉን የሚያንቀሳቅሰው በነሐስ ዳዶ ውስጥ የሚሽከረከር ረዥም የብረት ብሎን ነው። ነሐስ ከብረት ስለሚለሰልስ የሚበላው የዳዶው ጥርስ ነው፤ መከላከያውም ግራሶ ነው። ጥርሱ ምን ያህል እንደ ተበላ የሚታወቀው በሁለቱ መካከል ያለው ልልነት ሲለካ ነው። ወሰኑ 0.040 ኢንች፥ ማለትም 1 ሚሊሜትር ያህል ነው።

የአላስካ አየር መንገድ በ1987 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ብሎኑን በየ500 የበረራ ሰዓት ይቀባ ነበር። በ1996 ግን ቅባቱ በየ8 ወሩ፥ ልኬቱም በየ30 ወሩ እንዲሆን ተደረገ። በሴፕቴምበር 1997 አንደኛው አይሮፕላን ሲለካ ልልነቱ 0.040 ሆኖ ተገኘ፤ በድጋሚ ሲለካ 0.033 ስለ ሆነ ዳዶው ሳይለወጥ ወደ ሥራ ተመለሰ።

የ30 ወሩ ጊዜ ሳይሞላ፥ በጃንዋሪ 31 ቀን 2000፥ ይኸው አይሮፕላን በካሊፎርኒያ አጠገብ ባሕር ላይ ወድቆ 88ቱም ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች አለቁ። ከባሕር የወጣው ብሎን የዳዶው ጥርስ ተልጦ ተጠምጥሞበት ነበር፤ ጥርሶቹ በሚፋተጉበት ቦታም የሚሠራ ግራሶ አልተገኘም።

ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ መንግሥት ቅባቱን በየ650 ሰዓት፥ ልኬቱን በየ2,000 ሰዓት ግዴታ አደረገው።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ዳዶው ሲከዳ ክንፉን የሚይዝ ሌላ ነገር አልነበረም። እንዲህ ላለው ዕቃ ተተኪው ምርመራው ራሱ ነው፤ ስለዚህ ጊዜውን ማራዘም ዕቃውን እንደ ማሳሳት ይቈጠራል። ነገ በምርመራ ወረቀት ላይ የምንፈርም የምሕንድስና ተማሪዎች፥ «ወሰኑን አላለፈም» ከማለታችን በፊት «እስከሚቀጥለው ልኬት ይቈያልን?» ብለን እንጠይቅ።