ድምፁን ከመጨመርሽ በፊት

ቆዪ እህቴ፣ የሬዲዮኑን ድምፅ አትጨምሪው። ስትጨምሪው ጣቢያውም ጫጫታውም አብረው ነው የሚያድጉት፤ ለአንቺ የሚተርፍሽ ራስ ምታት ብቻ ነው። እጅሽን ከቁልፉ አንሺና አንቴናውን ያዢ። አንቴና ሞገድ ለመሰብሰብ ብቻ ሳይሆን ለመምረጥም ነው የተሠራው። ጣቢያው ከአንድ አቅጣጫ ይመጣል፣ ጫጫታው ብዙ ጊዜ ከሌላ። ስለዚህ ስታዞሪው ጣቢያው የሚጎላበትን ቦታ ብቻ አትፈልጊ፤ ጫጫታው የሚጠፋበትንም ፈልጊ።

አሁን ጫፉን ወደ ማሰራጫው ቀስረሽዋል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ግን ዘንግ አንቴና የሚሰማው በጎኑ ነው፤ በጫፉ በኩል ለሚመጣ ሞገድ ደንቆሮ ነው ማለት ይቻላል። ጎኑን ስጪው። ደግሞም ግማሹን ስበሽ አትተዪው። የኤፍ ኤም አዲስ 97.1ም ሆነ የሸገር 102.1 ሞገድ ርዝመቱ 3 ሜትር ገደማ ነው፤ ለዘንግ አንቴና የሚስማማው የዚያ ሩብ፣ ማለትም 75 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። በስልክሽ ስትሰሚ አንቴናው የጆሮ ማዳመጫው ገመድ ስለሆነ ጠቅልለሽ ኪስሽ ውስጥ አትክተቺው፣ ዘርጊው።

ወደ ማዘንበሉ እንምጣ። የገመድ አንዱን ጫፍ ከዛፍ ላይ አስረሽ ሌላውን ወደ ላይና ወደ ታች ብትነቀንቂው ሞገዱ ቆሞ ይሄዳል፤ ወደ ግራና ቀኝ ብትነቀንቂው ተኝቶ ይሄዳል። የሬዲዮ ሞገድም ከማሰራጫው ሲነሳ እንደ አንቴናው አቋም ቆሞ ወይም ተኝቶ ይነሳል። ፖላራይዜሽን የሚባለው ይህ ነው። የቆመውን የቆመ አንቴና፣ የተኛውን የተኛ አንቴና ይቀበለዋል። ጀርመናዊው ሄንሪክ ኸርዝ እ.ኤ.አ. በ1888 ይህንን በካርልስሩኸ በዓይን አሳይቷል፤ መቀበያውን ከማሰራጫው ጋር መስቀለኛ ሲያደርገው በመቀበያው ላይ ይታይ የነበረው ብልጭታ ጠፋ።

ስሌቱን ያዢው፣ ይጠቅምሻል። አንቴናሽ ከሞገዱ አቋም 30 ዲግሪ ቢያዘነብል የምታጪው የጉልበቱን ሩብ ብቻ ነው። በ45 ዲግሪ ግማሹን፣ በ60 ዲግሪ ሦስት አራተኛውን ታጪያለሽ። 90 ላይ በስሌት ምንም አይቀርሽም፤ በተግባር ግን ግድግዳና ጣሪያ ሞገዱን እያንጸባረቁ ስለሚያዛቡት ትንሽ ይተርፍሻል። ስለዚህ ጥቂት ዲግሪ ወዲህ ወዲያ እያልሽ ጊዜሽን አትፍጂ። መጀመሪያ ቀጥ አድርገሽ አቁሚው፣ ቀጥሎ ሙሉ በሙሉ አስተኚው፤ ከሁለቱ የተሻለውን ካወቅሽ በኋላ ነው ማስተካከል የሚመጣው። ለኤፍ ኤም አንድ ቁርጥ ያለ አቋም ልሰጥሽ አልችልም፤ አንዳንዱ ጣቢያ ቆሞ፣ አንዳንዱ ተኝቶ ይልካል፣ የመኪና አንቴና ቋሚ ስለሆነም ሁለቱን ቀላቅለው የሚልኩ ብዙ ናቸው።

ስትሞክሪ አንድ ልማድ ይኑርሽ፦ አስተካክዪ፣ እጅሽን ልቀቂ፣ ራቅ በዪ፣ ከዚያ አድምጪ። አንቴናውን እንደያዝሽ ሰውነትሽም የአንቴናው አካል ይሆናል። ይዘሽው ጥርት ያለው ስትለቂው ቢበላሽ ሬዲዮኑ አልከዳሽም። ማዘንበሉ ካልረዳ ቦታ ቀይሪ። ክፍል ውስጥ ሞገዶች እየተንጸባረቁ አንዱ ሌላውን የሚያጠፋበት ነጥብ አለ፤ ከዚያ ነጥብ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ፈቀቅ ማለት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ከሆነ ከመስኮቱ አትራቂ።

መካከለኛ ሞገድ ላይ ግን ይህን ሁሉ ተዪው። እዚያ ዘንጉን ብትስቢውም ባትስቢውም በአብዛኛው ትንሽ ሬዲዮ ላይ ለውጥ የለውም፤ እውነተኛው አንቴና ሆዱ ውስጥ የተጋደመ፣ ሽቦ የተጠመጠመበት የፌራይት ዘንግ ነው። ስለዚህ የምታዞሪው ሬዲዮኑን ራሱን ነው። የፌራይቱ ጎን ወደ ጣቢያው ሲሆን በደንብ ይሰማል፤ ጫፉ ወደ ጣቢያው ሲዞር ጸጥ ይላል። እዚህ ላይ ልብ በዪ፦ የሚጎላበት አቅጣጫ ሰፊ ነው፣ የሚጠፋበት ግን ጠባብና ጥርት ያለ ነው። ስለዚህ ያንን ጠባብ ቦታ በጫጫታው ላይ አውዪው። ሬዲዮኑን ቀስ እያልሽ አዙሪና እዝዝ የሚለው ሲሞት አቁሚ። ጣቢያው ትንሽ ቢቀንስ እንኳ ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማሻል።

በዚያው መንገድ ጥፋተኛውንም ታገኚዋለሽ። ጫጫታው ሲሞት የፌራይቱ ሁለት ጫፎች የሚያሳዩት ወደ ምንጩ የሚወስደውን መስመር ነው። በዚያ መስመር ያለውን አንድ በአንድ ንቀይ፦ የስልክ ቻርጀር፣ ኤልኢዲ አምፖል፣ የቴሌቪዥን ሪሲቨር። ሬዲዮኑንም ከሶኬት አላቂውና በባትሪ ሞክሪው።

አጭር ሞገድ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ዶይቸ ቬለ እ.ኤ.አ. በ1965 የአማርኛ ስርጭቱን ሲጀምር ድምፁ እስከ እኛ የደረሰው በዚህ ሞገድ ነው። ሞገዱ ከላይኛው አየር ተንጸባርቆ ሲመለስ አቋሙ እየተጠማዘዘ ይመጣል፤ በመቆምና በመተኛት ብዙ አትጨነቂ። የሚያስጨንቅሽ የቤትሽ ጫጫታ ነው። መሬት ለመሬት የሚጓዘው ጫጫታ ርቆ የሚደርሰው በአብዛኛው ቆሞ ስለሆነ፣ አግድም የተዘረጋ ሽቦ ያንን ይቀንስልሻል። ጥቂት ሜትር የተሸፈነ ሽቦ ከዘንጉ ጋር አያይዢና ከቤቱ ራቅ አድርገሽ ዘርጊው። ከመብራት መስመር ጋር ትይዩ አይሁን፤ በላዩም በሥሩም አይለፍ፣ ይገድላል። ሰማዩ ሲያጉረመርም ደግሞ ሳትውዪ ሳታድሪ ንቀይው።

ማጉያ ያለው አንቴና ግዢ የሚልሽ ይኖራል። አትቸኩዪ፤ ማጉያው የሚያጎላው ያገኘውን ሁሉ ነው፣ ጫጫታውንም ጭምር። ለበዓል ቤት ስትሄጂ ይህንን ለአባባም አሳዪልኝ፤ ሬዲዮኑ ሲንጫጫባቸው ጆሯቸው የደከመ እየመሰላቸው ይዘጉታል። አስተካክለሽላቸው ብቻ አትመለሺ። ቻርጀሩን እሳቸው ይንቀሉ፣ ሬዲዮኑን እሳቸው ያዙሩ፣ ጫጫታው የሚሞትበትንም በገዛ ጆሯቸው ያግኙት። አንዴ ካወቁት አንቺንም እኔንም ሳይጠብቁ ዜናቸውን ይሰማሉ።