የትልቁ አንጀት ነቀርሳና ሁለቱ የቀዶ ሕክምና መንገዶች

የትልቁ አንጀት ነቀርሳ በቀዶ ሕክምና የሚወገደው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ሆድን በረጅሙ በመክፈት ሲሆን፥ ሁለተኛው ላፓሮስኮፒ ይባላል፤ ይኸውም በጥቃቅን ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያዎች አስገብቶ መሥራት ነው።

ሐኪሞች ቀድሞ፥ በዚህኛው መንገድ ነቀርሳው በሙሉ አይወጣ ይሆናል ብለው ይሠጉ ነበር። ነገር ግን በሰሜን አሜሪካ በ872 ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት እንዳስረዳው፥ በሽታው በ3 ዓመት ውስጥ የተመለሰባቸው ሆዳቸው ከተከፈተው ከመቶ 18፥ በላፓሮስኮፒ ከታከሙት ከመቶ 16 ናቸው፤ ልዩነቱም እምብዛም ነው። የላፓሮስኮፒ ትርፉ ሕመሙ መቀነሱና ከሆስፒታል አንድ ቀን ቀድሞ መውጣት ነው።

እንግዲህ ሕይወትን የሚያድነው የቁስሉ ማነስ ሳይሆን፥ ነቀርሳው ሳይሠራጭ በሙሉ መወገዱ ነው። ስለዚህ በዐይነ ምድሩ ደም ያየ ሰው፥ «ኪንታሮት ነው» ብሎ ሳይዘናጋ ፈጥኖ ይመርመር።