ምዕራፍ 7፦ ለፍላፊን ዝም ከማሰኘታችን በፊት

ጉማራ ወንዝ ዳር፣ ወንዛዬ ፍል ውሃ ተራ የሚጠብቅ ሰው ወሬ አያጣም። የወገብ ሕመም ይዟቸው የመጡ አንዲት እናት የጤፍ ዋጋ አነሡ፣ ወደ ጎረቤት ሠርግ ዘለሉ፣ የወረታን ገበያ አዳረሱና ተመልሰው ጤፉ ላይ አረፉ። ልጃቸው «ኧረ እማዬ፣ ትንሽ እንኳ እረፊ!» አለቻቸው። ዝም አሉ። እጃቸው ግን የነጠላቸውን ጫፍ ይቋጥርና ይፈታ ጀመር። አጠገባቸው የተቀመጠች ሴት ይህን አይታ «እናቴ፣ ሌሊት እንቅልፍ ይወስድዎታል?» ብላ ጠየቀች።

«ምን ይወስደኛል ልጄ፤ ሳይሻለኝ ብመለስስ እያልሁ አነጋለሁ» አሉ፤ ይህን ሲናገሩ ያ ጥድፊያቸው የለም።

ፋታ የማይሰጥ ልፍለፋ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። በብርድ ጥርስ ሲንገጫገጭ ጡንቻዎች ቶሎ ቶሎ እየተኮማተሩ ሰውነትን ለማሞቅ ይሠራሉ፤ መፍትሔው መንጋጋን መግጠም ሳይሆን ጋቢ መደረብ ነው። ፍርሃት የያዘው ሰውም በወሬ ራሱን ያሟሙቃል።

የሚያሳዝነው፣ ስለ ሁሉም ሲያወራ ያስጨነቀውን አንዷን ነገር ይዘላታል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ፔኔቤከር እ.ኤ.አ. በ1986 ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ጥናት የኮሌጅ ተማሪዎች ለ4 ቀናት፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ እንዲጽፉ ተደረገ። ክፉ ገጠመኛቸውንና የተሰማቸውን የጻፉት፣ ስለ ተራ ነገር ከጻፉት ይልቅ በቀጣዮቹ ወራት ሐኪም ዘንድ የሄዱት ጥቂት ጊዜ ነበር።

ስለዚህ የሚለፈልፍ ወዳጅ ሲያጋጥማችሁ አታቋርጡት። ቡናው በረካ እስኪደርስ ታገሡና ስለ ራሱ አንድ አጭር ነገር ጠይቁት፤ «እንቅልፍስ?» «ልጅህስ ደረሰልህ?» ካልመለሰ አትጎትጉቱት፤ በሰው ፊትማ ፈጽሞ።

ወሬ የሚወድን ሁሉ ጭንቀታም ማድረግም ግፍ ነው። ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ በእጅ ሲታረም ጨዋታው አይቋረጥም። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሮቢን ደንባር ሰዎች ከሚያወጉት ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ስለ ሰውና ስለ ማኅበራዊ ኑሮ መሆኑን አሳይቷል፤ ወሬ ዝምድናን ያቆያል ባይ ነው። ጎንበስ ብለው ጭቃ ውስጥ የቆሙ አራሚዎች እየተሳሳቁ ሲያወሩ ከሥሩ የሚፈለግ ሕመም የለም። እዚያ ጥያቄ ምን ይሠራል? ገብቶ እያረሙ አብሮ መጫወት ነው።