የቤት መኪና አያያዝና የቤተሰብ ጤና

በከተሞቻችን መኪና ያለው ሰው በየሦስትና በየአራት ዓመቱ መኪና አይለውጥም። አንድ ጊዜ የተገዛች የቤት መኪና ሕፃን ሲወለድ ወደ ሐኪም ቤት የምታደርስ፥ ሕፃኑ ሲያድግ ትምህርት ቤት የምታመላልስ፥ በበዓል ቀን ቤተሰቡን ጭና ዘመድ ወደ መጠየቅ የምትወስድ እርስዋው ናት። በተለይም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፥ በእጁ ያለችውን መኪና ለረጅም ዘመን ለመጠበቅ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው።

ይህም አሳብ መልካም ነው። በ1970 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሶቪየት ኅብረት በቶሊያቲ ከተማ የፊያት 124ን ንድፍ መሠረት አድርጋ መሠራት የጀመረችው ላዳ፥ በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ለብዙ ዓመታት በታክሲነት ማገልገሏ፥ የሚጠግናት ካላት መኪና ቶሎ እንደማትሞት ያስረዳል። ነገር ግን የመኪናዋ ዕድሜ መርዘም ብቻውን የተሳፋሪዎቿን ዕድሜ አይጠብቅም። የዚህ ትምህርት ዓላማ ይህንኑ ለመግለጽ ነው።

የመኪና ሕመም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መኪናዋን የሚያቆም ሕመም ነው። ባትሪ ሲደክም ወይም ካንዴላ ሲበላሽ መኪናዋ አልነሣም ትላለች፤ ባለቤቷም በዚያው ዕለት መካኒክ ይጠራል። ሁለተኛው መኪናዋን ሳያቆም ሰውን የሚጎዳ ሕመም ነው። ይህም እንደ ደም ግፊት ነው፤ በሽተኛው ምንም ሳይሰማው ሥራውን ይሠራል፥ ጉዳቱ ግን ውስጥ ውስጡን ይሄዳል።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ አንዲት ያገለገለች የቤት መኪና ለዘጠኝ ዓመት ሲያስተዳድር፥ የተደረገላትን ጥገና ሁሉ ከነቀኑ በደብተር መዝግቧል። ደብተሩ ሲመረመር አብዛኛውን ጥገና መኪናዋ ራሷ ቆማ ያስታወሰችው ሆኖ ይገኛል። ቀን ተቆጥሮ በምርመራ ብቻ የተገኙት ግን አራት ናቸው፤ እነርሱም የማርሚታ መበሳት፥ የፍሬን ዘይት ማርጀት፥ የጎማ መድረቅና የወንበር ቀበቶ መበላሸት ናቸው። እያንዳንዱን በተራ እንመልከት።

1ኛ. ማርሚታና የሞተር ጭስ

ከሞተር የሚወጣው ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ አለበት። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን ተሸካሚ የሆነውን ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ስለሚይዘው፥ ጥቂቱ ብቻ ብዙ ጉዳት ያደርሳል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለ ሆነ፥ የምንስበው ኦክሲጅን አስቀድሞም ያነሰ ነው። ከዚህም በላይ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር በደጋ ላይ ቤንዚን አብዝቶ አየር አሳንሶ ስለሚያቀርብ፥ ሞተሩ የሚያወጣው መርዝ ይጨምራል።

ማርሚታው ወይም ቧንቧው ሲበሳ ጭሱ ከወለሉ ሥር ይጠራቀምና በዛገ ቀዳዳ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። የኋላው ዕቃ መጫኛ ክዳን ተከፍቶ ሲኬድም ጭሱ ወደ ውስጥ ይሳባል። ሕፃን በጉዞ ላይ ሲያስመልሰው «መኪና አይስማማውም» ይባላል፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ነገር ግን ከአንድ ሰው በላይ አብረው ራሳቸውን ካመማቸው፥ ካዞራቸው፥ ከመኪና ወርደው ንጹሕ አየር ሲያገኙም ከተሻላቸው፥ ጭሱ ሊጠረጠር ይገባዋል። ሰው ራሱን ከሳተ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ ኦክሲጅን ወደሚሰጥበት ጤና ጣቢያ ወይም ሐኪም ቤት ማድረስ ያስፈልጋል።

ስለዚህ በየስድስት ወሩ መኪናዋ ከፍ ተደርጋ ቧንቧው ከሞተሩ እስከ ጫፉ ይመርመር። ጥላሸት የሚታይበት መገጣጠሚያ ጭስ የሚያፈስ ነው። ጠዋት ሞተር ማሞቅም በተዘጋ ቤት ውስጥ ወይም በመኝታ ቤት መስኮት አጠገብ ፈጽሞ አይደረግ።

2ኛ. የፍሬን ዘይት

ይህ ፈሳሽ ዘይት ይባል እንጂ ባሕርዩ ከዘይት የተለየ ነው፤ ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውኃ ከሳበ በኋላ ግን የመፍያው ልክ ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በከተማ ውስጥ ይህ አይታወቅም። ነገር ግን ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ቁልቁለቱ ከ1000 ሜትር በላይ ነው። ፍሬን ያለማቋረጥ የረገጠ ሰው ዘይቱን ያፈላዋል፤ የፈላው እንፋሎት ስለሚታመቅ ፔዳሉ እስከ ወለል ይሰምጣል። ከቀዘቀዘ በኋላ ደግሞ ፍሬኑ ጤነኛ መስሎ ስለሚመለስ ምልክት አይተውም። መድኃኒቱ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መለወጥ፥ ቁልቁለትንም በከባድ ማርሽ መውረድ ነው።

3ኛ. ጎማ

ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ሁሉ ደኅና አይደለም። ጥቂት የምትነዳ የቤት መኪና ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ በፀሐይና በዕድሜ ይደርቃል፥ ይሰነጠቃልም። በጎማው ጎን ላይ የተሠራበት ጊዜ በአራት አኃዝ ተጽፏል፤ ለምሳሌ 2319 ማለት በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ ይታይ፤ ከዐሥር ዓመት በላይ ግን አያገልግል። የጥርሱ ጥልቀት ከ1.6 ሚሊሜትር ሲያንስ በክረምት ዝናብ መንገድ ስለማይዝ መለወጥ አለበት። ነፋሱም በየወሩ፥ ጎማው ሳይሞቅ ይለካ።

4ኛ. የወንበር ቀበቶ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው ዘገባ፥ በ2021 በዓለም ላይ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ላላቸውም ዋናው ገዳይ ይኸው ነው። ቀበቶ የተሳፋሪን የሞት አደጋ እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። በአሮጌ መኪናዎች ግን የኋላው ቀበቶ ብዙ ጊዜ ለጌጥ በተደረገው የወንበር ልብስ ሥር ተቀብሮ ይገኛል። ልብሱ ተቀድዶም ቢሆን ይውጣ። የተቦጨቀ ወይም ግጭት ያየ ቀበቶ ይለወጥ። ሕፃንን በጭን ማቀፍ ጥበቃ አይደለም፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ሲጋጭ የሚደርሰው አደጋ ወደ 10 ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ እንደ መውደቅ ነውና፥ የማንም ክንድ አይችለውም። ለሕፃን በልኩ የተሠራ መቀመጫ ያስፈልገዋል።

በግቢ ውስጥ መደረግ ያለበት ጥንቃቄ

ቤንዚን በጎማ ቱቦ በአፍ መሳብ ክፉ ልማድ ነው። ወደ ሳንባ የገባ ጥቂት ጠብታ እንኳ ብርቱ የሳንባ ቁስለት ያመጣል። ቤንዚን የዋጠ ሰው እንዲያስመልስ አይገደድ፤ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ቤንዚንም ሆነ የባትሪ አሲድ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ ሕፃን መጠጥ መስሎት ይጠጣዋል። በራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ኤቲሊን ግላይኮል የሚባለው ፈሳሽ ጣዕሙ ጣፋጭ ሲሆን ኩላሊትን ያጠፋል። የሞቀ ራዲያተር ክዳኑ አይከፈት። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም በቆዳ ላይ ሲቆይ ጎጂ ስለ ሆነ በሳሙና ይታጠቡት፤ ወደ ቦይም አይደፋ።

ማጠቃለያ

ዓመታዊው ምርመራ ተደርጎ ቦሎ መለጠፉ መልካም ነው፤ ነገር ግን የአንድ ቀን ምርመራ የዓመቱን ሁሉ ጤና አያረጋግጥም። ስለዚህ ባለመኪና ሁሉ ከሊብሬው ጋራ አንዲት ትንሽ ደብተር ያኑር። የጎማውን ነፋስ በየወሩ፥ ማርሚታውንና ቀበቶዎቹን በየስድስት ወሩ፥ የፍሬኑን ዘይት በየሁለት ዓመቱ እየጻፈ ይከታተል። ገንዘብ ያጠረ እንደ ሆነ ቀለም መቀባቱና የወንበር ልብሱ ይቆዩ፤ እነዚህ አራቱ ግን አይቆዩም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ለመምህራን፦ ተማሪዎች የሚከተሉትን እንዲመልሱ ይደረግ።

ሀ. መኪናን በሚያቆም ብልሽትና ሰውን በሚጎዳ ብልሽት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

ለ. የሞተር ጭስ በደጋ አገር የበለጠ የሚያሠጋው ስለ ምን ነው?

ሐ. በጎማ ላይ 0822 ተብሎ ቢጻፍ ጎማው መቼ ተሠራ?

መ. ቤንዚን የዋጠ ሰው ቢያጋጥማችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ምንስ አታደርጉም?